ባርኮድና ሌብል ፕሪንተርን ያለ ጉዳት ማጽዳትና መንከባከብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሱቅ፣ በፋርማሲ፣ በላቦራቶሪና በማሸጊያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በሙቀት የሚያትሙ ሌብል ፕሪንተሮችን የሚመለከቱ ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ፕሪንተሬ ቀለም አይሞላም፤ ታዲያ ምኑ ነው የሚቆሽሸው?

ሌብል ፕሪንተር የሚያትመው በፈሳሽ ቀለም ሳይሆን በሙቀት ነው። ክዳኑን ሲከፍቱ ከላይ በኩል የሚታየው ጠባብና የሚያብረቀርቅ መስመር ፕሪንት ሄድ ይባላል። በመስመሩ ላይ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ማሞቂያ ነጥቦች ተደርድረዋል። በብዛት የሚሸጠው የ203 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 203 ነጥብ ያለው) ፕሪንተር በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 8 ነጥብ አለው፤ 104 ሚሊ ሜትር ስፋት የሚያትም ከሆነ በጠቅላላው 832 ነጥቦች ይኖሩታል። የ300 ዲፒአዩ በሚሊ ሜትር ወደ 12 ይደርሳል። ሌብሉ በፕሪንት ሄዱና ከሥር ባለው ጥቁር የጎማ ሮለር መካከል ተጭኖ ሲያልፍ የሚፈለጉት ነጥቦች ብቻ ይግላሉ፤ ጽሑፉና ባርኮዱም በዚህ መንገድ ይወጣሉ።

የሚቆሽሸው ይኸው መገናኛ ነው። የወረቀት ብናኝ፣ ከሌብሉ ጠርዝ የሚወጣ ሙጫ፣ የሪባን (ቀለም የተቀባ ቀጭን የማተሚያ ጥቅል) ቅሪትና የክፍሉ አቧራ በነጥቦቹ ላይ እየተጋገሩ ይሄዳሉ። አንዲት ነጥብ በቆሻሻ ስትሸፈን ሙቀቷ እንደሚገባው ወደ ወረቀቱ አይተላለፍም፤ እዚያው ይታፈንና ውሎ አድሮ ራሷን ነጥቧን ያቃጥላታል። ተበላሸ ተብሎ የሚጣለው ፕሪንተር ብዙውን ጊዜ የቆሸሸ ብቻ ነው። ሳይጸዳ ከሰነበተ ግን በእርግጥም ይበላሻል።

ሪባን ያለውና የሌለው በምን ይለያያሉ? አጸዳዳቸውስ?

ሪባን የሌለው ዓይነት ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ሽፋን ያለው ወረቀት ይጠቀማል፤ የሱፐርማርኬት ሚዛን የሚያወጣው የዋጋ ሌብልም ሆነ የገንዘብ ደረሰኝ በዚህ መንገድ ይታተማሉ። ሪባን ያለው ግን ቀለሙን ከሪባኑ ላይ አቅልጦ ወደ ሌብሉ ያሸጋግራል። የእርስዎ ወረቀት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሌብሉን በጥፍርዎ ፈጠን አድርገው ይጫሩት፤ ጥቁር ጭረት ከታየ ሙቀት ተቀባይ ወረቀት ነው።

የአጸዳዱ ዘዴ አንድ ነው። የሚለየው የሚሰበሰበው ቆሻሻና ፕሪንት ሄዱ የሚያልቅበት ፍጥነት ነው። ሪባን ሲኖር ፕሪንት ሄዱን የሚነካው ለስላሳው የሪባኑ ጀርባ ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ሪባን ከሌለ ወረቀቱ በቀጥታ እየሞረደው ያልፋል። ሪባኑ ከሌብሉ በጥቂቱ ሰፋ እንዲል የሚመከረውም ለዚህ ነው። ጠባብ ሪባን ከተገጠመ የሌብሉ ጠርዝ ፕሪንት ሄዱን ይፍቀዋል።

በየስንት ጊዜው ላጽዳው?

ሪባን ላለው ሪባኑ በተቀየረ ቁጥር፣ ለሌላው የሌብሉ ጥቅል በተቀየረ ቁጥር። ክዳኑ በዚያን ጊዜ ተከፍቶ፣ ወረቀቱም ወጥቶ ስለሚገኝ ሥራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። በወር አንድ ቀን ብሎ ቀጠሮ መያዝ ግን አይሠራም፤ በቀን ሃያ ሌብል የሚያትም ፋርማሲና በቀን ሦስት ሺህ የሚያትም መጋዘን በአንድ የቀን መቁጠሪያ አይተዳደሩም።

በርበሬ፣ ቡና ወይም ዱቄት የሚታሸግበት ቤት ከሆነ የውስጡን ብናኝ በየዕለቱ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ ማድረግ፣ ማታም ፕሪንተሩን መሸፈን ተገቢ ነው። የበጋው አቧራ ባለበት ወቅትም እንደዚሁ። ሽፋኑ ማሽኑ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ይደረግ።

ለጽዳቱ ምን ምን ያስፈልገኛል?

ንጹህ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ክር የማይጥል ለስላሳ ጨርቅ፣ ጫፉ ስፖንጅ የሆነ የመጥረጊያ እንጨትና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃሉ። የጆሮ ጥጥ ለጊዜው ያገለግላል፤ ክሮቹ ግን የሌብሉን ቦታ የሚለየው ሴንሰር ላይ ተቀምጠው ሌላ ችግር ሊፈጥሩ ስለሚችሉ ከጨረሱ በኋላ ውስጡን በደንብ ይመልከቱ። በአልኮል የራሰ የማጽጃ እስክሪብቶና እንደ ሌብል የሚገባ የማጽጃ ካርድም ይሸጣሉ። ምቹ ናቸው፤ ካላገኟቸው ግን የሚጎድልብዎ ነገር የለም።

ከፋርማሲ የምገዛው 70 በመቶ አልኮል አይሆንም? ሳኒታይዘር፣ አረቄ ወይም ቤንዚንስ?

ለፕሪንት ሄዱ 70 በመቶውን አይጠቀሙ። ቀሪው በአብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ እርጥበት ላይ ኤሌክትሪክ ሲደርስም ጥቃቅኖቹን ነጥቦች ይጎዳል። የሚፈለገው 99 በመቶ ወይም ለዚያ የቀረበ፣ ቢያንስ ከ90 በመቶ የማያንስ ነው። አንዳንድ አምራቾች ንጹህ ኢታኖልንም ይፈቅዳሉ፤ እነዚሁ አምራቾች ግን የሕክምና አልኮል እንዳይነካው በመመሪያቸው በግልጽ ያስጠነቅቃሉ። ያለዎት የፋርማሲው ብቻ ከሆነ የውጪውን አካል ይጥረጉበት፣ ቢበዛ ሮለሩን አጽድተውበት እስኪደርቅ በደንብ ይጠብቁ።

ሳኒታይዘር ውስጥ እጅ እንዳይደርቅ የሚጨመር ግሊሰሪንና ማወፈሪያ አለ፤ ሁለቱም ፕሪንት ሄዱ ላይ ቀርተው ይጋገራሉ። አረቄም ያው አልኮል ነው ብለው የሚሞክሩ አይጠፉም፤ ከግማሽ የማያንሰው ውኃ ሊሆን እንደሚችል ይዘነጋሉ፤ ቢተርፍ ለእንግዳ ይሻላል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ፕላስቲኩንና ጎማውን ያሟሟል። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ደግሞ ጎማውን ከማበላሸታቸው ባሻገር በዝግ ክፍል ውስጥ የእሳት አደጋ ናቸው፤ ስለ እነርሱ መወያየትም አያስፈልግም።

ከመጀመሬ በፊት ለራሴ ደህንነት ምን ላድርግ?

ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ። መብራት ጠፍቷልና አሁን ላጽዳ የሚል ልማድ አለ። መብራቱ መቼ እንደሚመለስ ግን ማንም አያውቅም፤ በአልኮል የራሰ ፕሪንተር ውስጥ ጣትዎን አስገብተው ሳለ ቢመለስ ጣትዎንም ማሽኑንም ሊጎዳ ይችላል። ፕሪንተሩ ሲሠራ ከቆየ ፕሪንት ሄዱ ቆዳ ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት ስለሚይዝ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቀዝቅዙት። ቀለበት፣ ሰዓትና የአንገት ሐብል ያውልቁ፤ ረጅም ጸጉርና ነጠላ ወደ ኋላ ይታሰር። መቁረጫ የተገጠመለት ሞዴል ከሆነ ስለቱ ምላጭ ስለሆነ በጣትዎ አይዳስሱት።

አይሶፕሮፒል አልኮል ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጀምሮ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። በአገራችን አብዛኛው ክፍል ከዚህ የሚቀዘቅዝ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ይሄዳል። ጥግ ላይ ቡና የሚፈላበት ከሰል ወይም እጣን ካለ ጽዳቱ ይቆይ፤ ከሰሉም የሚቀመጠው እዚያው ወለል ላይ ነው። መስኮት ይክፈቱ፣ ጠርሙሱን ቀድተው ወዲያው ይክደኑ፣ የራሰውን ጨርቅ በተዘጋ ቅርጫት ውስጥ አከማችተው አይተዉት። ቆዳዎ በቀላሉ የሚደርቅ ከሆነ ዱቄት የሌለበት ጓንት ያድርጉ። ጠርሙሱ ላይ ስሙን መጻፍም አይርሱ፤ ውኃ የሚመስል ፈሳሽ በውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በተለይ ልጆች በሚመላለሱበት ሱቅ፣ ከባድ አደጋ ነው።

ለማሽኑ ደህንነት ደግሞ የሰውነትዎን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ያስወግዱ። በደረቅ ወቅት ሹራብ ለብሰው ከፕላስቲክ ወንበር ሲነሱ የሚሰማዎት ትንሿ ንዝረት የፕሪንት ሄዱን ነጥቦች ለማጥፋት ትበቃለች። ከመንካትዎ በፊት ከመሬት ጋር የተገናኘ የብረት ነገር፣ ለምሳሌ የብረት የውኃ ቧንቧ፣ ይንኩ።

ፕሪንት ሄዱን እንዴት ነው የምጠርገው?

ሌብሉንና ሪባኑን ያውጡ። የመጥረጊያውን ጫፍ በአልኮል ያርጥቡ፤ እንዳይንጠባጠብ ጨመቅ ያድርጉት። አልኮሉን በቀጥታ ማሽኑ ላይ አያፍስሱ፣ አይርጩም። ከዚያ የነጥቦቹን መስመር ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በአንድ አቅጣጫ፣ በለስላሳ ጫና ይጥረጉ። ወዲያና ወዲህ መፈተግ ያነሡትን ቆሻሻ መልሶ መቀባት ነው። የመጥረጊያው ጫፍ ከጠቆረ ያዙሩት ወይም ይቀይሩት፤ ጠርገው ንጹህ ሆኖ ሲወጣ ያቁሙ።

በጣትዎ አይንኩት። ከጣት የሚቀረው ቅባትና ጨው መስመሩን ያቆሽሻል፣ ሲቆይም ይበላዋል። ከጠረጉ በኋላ ክዳኑን ክፍት አድርገው ቢያንስ 2 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ካልደረቀ ወረቀት አያስገቡ። በተለይ ሪባን በማይጠቀም ማሽን ይህ ወሳኝ ነው፤ ሙቀት ተቀባይ ወረቀት አልኮል ሲነካው ያለ ምንም ሙቀት ስለሚጠቁር የመጀመሪያዎቹ ሌብሎች ተዥጎርጉረው ይወጣሉ። ያንን አይተው አበላሸሁት ብለው አይደንግጡ፤ ጥቂት ባዶ ሌብሎች ሲያሳልፉ ይጠራል።

ሮለሩስ ይጸዳል?

አዎን፣ ብዙ ሰው የሚረሳውም እርሱን ነው። ሌብል እየተንሸራተተ ሕትመቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሸሸ፣ ወይም ወረቀቱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቆሸሸ ሮለር ነው። ጨርቁን በአልኮል አርጥበው ሮለሩን በእጅ እያዞሩ ዙሪያውን በሙሉ ይጥረጉ። ዘይት ወይም ግሪስ አይቀቡት፤ ጎማው ወረቀቱን ጨብጦ መጎተት አለበትና። ጎማው ከተሰነጠቀ፣ ከጠነከረ ወይም ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለው ማጽዳት አያድነውም፤ ይቀየራል። ዋጋውም ከፕሪንት ሄዱ በብዙ ይቀንሳል።

ሌብል ሮለሩ ላይ ተጠቅልሎ ተጣበቀ። በምላጭ ላንሳው?

አይሆንም። ምላጭ፣ ቢላዋ፣ መርፌና የብረት ማስመሪያ ከፕሪንተሩ አጠገብ ባይኖሩ ይመረጣል። ሮለሩ ላይ አንድ ጊዜ የተሰነጠቀ ቦታ በእያንዳንዱ ዙር እየተመለሰ በሕትመቱ ላይ ይታያል፤ ምላጩ ቢስትና ፕሪንት ሄዱን ቢነካ ደግሞ ያዳኑት ሌብል ለማሽኑ ትልቅ ወጪ ያመጣል።

ከሶኬት ከነቀሉ በኋላ የሌብሉን ጠርዝ ፈልገው በጣትዎ ቀስ ብለው ይላጡት። እምቢ ካለ በአልኮል አርጥበው አንድ ሁለት ደቂቃ ይተዉትና ይሞክሩ። የቀረውን ሙጫ ለማንሣት የሚጠቅም የባለሙያ ብልሃት አለ፦ አንድ አዲስ ሌብል ይላጡና በሙጫው በኩል ሮለሩ ላይ ደጋግመው እየነኩ ያንሱ። ሙጫ ከሙጫ ጋር ተያይዞ ይወጣል። የመጨረሻውን ቅሪት በአልኮል ይጨርሱት።

ይህ ችግር የሚደጋገም ከሆነ ምክንያቱን ከጥቅሉ ላይ ይፈልጉ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ ወይም ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ጥቅል ሙጫው ለስልሶ ከጠርዙ ይወጣል። ጥቅሎቹን በማሸጊያቸው እንዳሉ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፣ ማሽኑም ለብዙ ቀናት የማይሠራ ከሆነ ሌብሉን አውጥተው ያቆዩት።

አቧራውን በአየር መንፊያ ብነፋውስ?

አይመከርም። ጋራዥ ያለው ኃይለኛ መንፊያ አቧራውን ወደ ሴንሰሮቹና ሮለሩን ወደሚያዞሩት ጥርሶች ውስጥ ይነዳዋል፤ አየሩ ራሱም ብዙ ጊዜ ውኃና ዘይት ይዞ ይመጣል። በቆርቆሮ የሚሸጠው አየር ተቀጣጣይ ጋዝ የያዘ ሊሆን ስለሚችል በጋለ ማሽን ላይ አይረጭም፤ ቆርቆሮው ሲዘቀዘቅም ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይተፋል። በብሩሽ ወደ ውጭ መጥረግ ቀርፋፋ ቢመስልም የተሻለ ነው። በርበሬ ማሸጊያ ውስጥ ያለ ፕሪንተርን በአየር የነፋ ሰው ምክንያቱን በዓይኑ ያውቀዋል።

ካጸዳሁ በኋላ ባዶ ሌብል ይተፋል፣ ወይም ቀይ መብራት በርቶ ይቆማል። ምን ሆነ?

አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ፕሪንተሩ አንዱ ሌብል የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚያውቀው በሴንሰር ነው፤ ሴንሰሩ በሌብሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በሚያልፈው ብርሃን ይለያል፣ ወይም በወረቀቱ ጀርባ ላይ የታተመውን ጥቁር ምልክት ያነብባል። በጽዳቱ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ሴንሰር ከቦታው ተነካክቶ ወይም ክር ተቀምጦበት ይሆናል። በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት፣ ወደ ቦታው ይመልሱት፣ የወረቀት መምሪያዎቹም ሌብሉን ሳያጨናንቁ መንካታቸውን ያረጋግጡ።

ከዚያ ካሊብሬሽን ያድርጉ፤ ማሽኑ የሌብሉን ርዝመትና ክፍተቱን እንደገና የሚለካበት ነው። በብዙ ሞዴሎች የወረቀት መግፊያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭኖ በመያዝ ይጀምራል፤ ትክክለኛውን አካሄድ የሞዴልዎ መመሪያ ይነግርዎታል። ሌላው የተለመደ ምክንያት ሪባኑ ተገልብጦ መግባቱ ነው። የትኛው ገጽ ቀለም እንዳለው ለማወቅ የሌብልን ሙጫ ሪባኑ ላይ ለጥፈው ያንሱት፤ ቀለም ይዞ የመጣው ገጽ ወደ ሌብሉ መዞር አለበት።

ነጭ መስመር ሕትመቱን ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቀዋል። ፕሪንት ሄዱ አልቋል ማለት ነው?

ገና አይፍረዱ። መስመሩ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ከወረደና ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ከሆነ ሁለት ዕድሎች አሉ፦ ነጥቧ ተሸፍናለች ወይም ተቃጥላለች። ከላይ እንደተገለጸው ያጽዱና እንደገና ያትሙ። መስመሩ ከቀጠነ ወይም ከተቆራረጠ ቆሻሻ ነበር፤ ይድገሙት። ከሁለት ጊዜ ጽዳት በኋላ ቅንጣት ሳይለወጥ በዚያው ሚሊ ሜትር ላይ ከቆመ ነጥቧ ሞታለች፣ በአልኮል የምትነሣ አይደለችም። መስመሩ ሰያፍ ከሆነ ግን ፕሪንት ሄዱን ይተዉትና ሪባኑን ይመልከቱ፤ የተሸበሸበ ሪባን ነው እንዲህ የሚያደርገው።

አንዲት ነጥብ ስለሞተች ፕሪንት ሄዱ ወዲያው መቀየር አለበት ማለት አይደለም። የ203 ዲፒአይ ነጥብ ስፋቷ 0.125 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ከሆነች ማንም አያስተውላትም። ጉዳዩ ባርኮዱ ነው። የባርኮዱ ዘንጎች ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ እንደ አጥር ቆመው የሚታተሙ ከሆነ የሞተችው ነጥብ አንድ ቀጭን ዘንግ ሙሉ በሙሉ ልታጠፋ ትችላለች፤ ስካነሩም አያነብም። ባርኮዱን 90 ዲግሪ ቢያዞሩት ግን ዘንጎቹ እንደ መሰላል ይጋደማሉ፣ ነጩ መስመር ሁሉንም በጥቂቱ አቋርጦ ያልፋል፣ ስካነሩም ከቀረው ያነብባል። ማዞር ካልተቻለ ንድፉን በአንድ ወይም በሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ገፋ አድርገው ነጥቧ ባዶ ቦታ ላይ እንድትወድቅ ያድርጉ። አዲሱ ዕቃ እስኪመጣ ድረስ በዚህ ብዙ መሥራት ይቻላል።

ሕትመቱ ደበዘዘ። ሙቀቱን ልጨምር?

መጀመሪያ ያጽዱ፣ ቀጥሎ ፍጥነቱን ይቀንሱ፣ ሙቀቱ የመጨረሻው ይሁን። ብዙ ቦታ ተገልብጦ ይሠራበታል፤ ደበዘዘ ሲባል ሙቀቱ ይጨመራል፣ ቆሻሻው ይጋገራል፣ እንደገና ይደበዝዛል፣ እንደገና ይጨመራል። ቁጥሩ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ፕሪንት ሄዱም አብሮ ያልቃል። ፍጥነቱን በሰከንድ ከ100 ሚሊ ሜትር ወደ 75 ወይም 50 ዝቅ ማድረግ ለእያንዳንዱ ነጥብ የበለጠ ጊዜ ስለሚሰጥ ያለ ተጨማሪ ሙቀት ሕትመቱን ያደምቀዋል። ሙቀቱን መጨመር ካለብዎ ከዝቅተኛው ጀምረው አንድ አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ፤ ስካነሩ በደህና ባነበበበት ላይ ያቁሙ።

የበዛ ሙቀት ባርኮዱንም ያበላሻል። ዘንጎቹ ወፍረው ክፍተቶቹን ይውጧቸዋል፤ ለዓይን ጥቁርና የሚያምር ሆኖ ስካነሩ ግን እምቢ ይላል። ደንበኛ በካሸሯ ላይ የሚያጉረመርምበት የማይነበብ ዕቃ ብዙውን ጊዜ የደበዘዘ ሳይሆን ከመጠን በላይ የጠቆረ ነው።

አንደኛው ጎን ብቻ ከደበዘዘ ነገሩ ከሙቀት ጋር አይገናኝም። ክዳኑ በሁለቱም በኩል ቀጭ እስኪል መዘጋቱን፣ ፕሪንት ሄዱን የሚጫኑት ማስተካከያዎች እኩል መሆናቸውን ይመልከቱ።

ርካሽ ሪባንና ወረቀት ማሽኑን ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

ርካሽነቱ ሳይሆን ጥራቱ ነው የሚጎዳው። ጥሩ ሪባን ጀርባው ላይ ከፕሪንት ሄዱ ጋር ሳይፋተግ የሚያንሸራትት ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ የተጓደለ ሪባን ቅሪት ይተዋል። ሸካራ ወረቀትም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። ዓይነቱን ማዛመድም ያስፈልጋል፦ ሰም የሆነው ሪባን ለተራ ወረቀት፣ ሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ቀለም) የሆነው ለፕላስቲክ ሌብል ነው። ሬዚን ከፍ ያለ ሙቀት ስለሚፈልግ ተራ ወረቀት ላይ መጠቀሙ ያለ ጥቅም ፕሪንት ሄዱን ያደክማል።

ላቦራቶሪዎች ግን ለሬዚን ቢከፍሉ ይመረጣል። የናሙና ቱቦ በአልኮል ሲወለወል ሙቀት ተቀባይ ወረቀት ላይ የታተመው የታካሚ ስም ይጠቁራል ወይም ይጠፋል። በፀሐይም ቢሆን ይደበዝዛል፤ ለወራት መደርደሪያ ላይ ለሚቆይ የማር ጠርሙስ ወይም ለመድኃኒት የሚያበቃበት ቀን ይህ ወረቀት አይመረጥም።

የሌብሉ ወረቀት ራሱ ለጤና ጉዳት አለው?

ሙቀት ተቀባይ ወረቀት እንዲጠቁር የሚያደርገው ኬሚካል በብዙዎቹ ቢስፌኖል ኤ ወይም የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2020 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጀምሮ በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ቢስፌኖል ኤ ከክብደቱ 0.02 በመቶ እንዳይደርስ ገድቧል። ቀኑን ሙሉ ወረቀቱን ለሚነካ ሠራተኛ ጥንቃቄው ቀላል ነው፦ ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና መታጠብ፣ ሳኒታይዘር ወይም ቅባት ተቀብቶ ወዲያው ወረቀቱን አለመንካት፤ እርጥብና ቅባት ያለው ቆዳ ኬሚካሉን በቀላሉ ይስባልና። ሲገዙም ቢስፌኖል የሌለበትን መጠየቅ ይቻላል።

መብራት ሲቆራረጥ ፕሪንተሩን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ጉዳቱ የሚመጣው ከመጥፋቱ ይልቅ መብራቱ ሲመለስ ከሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው። ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ይጠቀሙ፤ ከሌለ መብራት እንደጠፋ ከሶኬት ነቅለው፣ ከተመለሰና ከተረጋጋ በኋላ ይሰኩ። ሁለተኛው ጥንቃቄ አዳፕተር ነው። ብዙ የጠረጴዛ ሞዴሎች በ24 ቮልት ይሠራሉ፤ ጫፉ ስለገባ ብቻ የሌላ ዕቃ አዳፕተር መሰካት ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። አዳፕተሩ ላይ የፕሪንተሩን ስም የያዘ ሌብል ይለጥፉበት፤ ማተሚያው እንደሆነ አጠገብዎ ነው።

የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውንስ በዚሁ መንገድ ላጽዳው?

ማተሚያው ተመሳሳይ ቢሆንም ዕቃው ሌላ ነው። በ1999 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139 በግዴታ ወደ ሥራ የገቡት እነዚህ መሣሪያዎች የግብር መረጃ የሚይዝ ፊስካል ሜሞሪ አላቸው፣ አካላቸውም በማኅተም ይታሸጋል። የወረቀቱን ክዳን ከፍቶ ብናኙን በደረቅ ብሩሽ መጥረግና የውጪውን አካል መወልወል ይቻላል። ብሎን የሚፈታ ወይም ማኅተም የሚነካ ሥራ ግን ፈቃድ ያለው የአገልግሎት ማዕከል ነው የሚሠራው። ለጽዳት ነው የፈታሁት የሚለው ምላሽ ለግብር ተቆጣጣሪ አያሳምንም።

ፕሪንት ሄዱን ራሴ መቀየር እችላለሁ?

በብዙ የጠረጴዛና የመጋዘን ሞዴሎች ይቻላል፤ አላቂ ዕቃ ተደርጎ ነው የተሠራው። ዕድሜው የሚለካውም በዓመት ሳይሆን ባለፈበት የወረቀት ርዝመት ነው። አንዳንድ አምራቾች ዋስትናውን በ1 ሚሊዮን ኢንች ይገድባሉ፤ ይህም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱ ከነክፍተቱ 53 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌብል ለሚያትም ሰው ወደ 480 ሺህ ሌብል ይደርሳል። ከዚያ በላይ በደህና የሚሠሩ አሉ፣ ሩቡ ላይ ሳይደርሱ በምላጭ የተገደሉም አሉ።

ከመግዛትዎ በፊት የሞዴሉን ሙሉ ስምና ዲፒአዩን ከማሽኑ ጀርባ ጽፈው ይውሰዱ፤ የ203ና የ300 ዕቃ አይለዋወጡም። ሲቀይሩ ማሽኑ ከሶኬት የተነቀለና የቀዘቀዘ ይሁን፣ አሮጌውን ከማላቀቅዎ በፊት የገመዶቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ አዲሱን ከስታቲክ መከላከያ ከረጢቱ የሚያወጡት ለመግጠም ዝግጁ ሲሆኑ ብቻ ነው። ጫፎቹን ይዘው እንጂ የነጥቦቹን መስመር ነክተው አይያዙት። ገመዱ ጠምሞ ከገባ አዲሱ ፕሪንት ሄድ ገና መብራት ሲደርሰው ሊቃጠል ስለሚችል ከመሰካትዎ በፊት ሁለት ጊዜ ይመልከቱት።

ከዚያ በኋላ ሮለሩን ያጽዱ፣ ካሊብሬሽን ያድርጉ፣ የሙቀቱንም ቁጥር ወደ ዝቅተኛው ይመልሱ። ለአሮጌው ተብሎ እስከ መጨረሻው የተገፋው ቁጥር ብዙ ጊዜ በማሽኑም፣ በኮምፒውተሩ ሌብል ፕሮግራምም ውስጥ ተቀምጦ ስለሚገኝ ሁለቱንም ይፈትሹ።